አምስት ካርቶን፣ አንድ ሰዓት ከሩብ

በጫጩት ማስፈልፈያው ግቢ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ማሞቂያ» ናት። ስሙ የወጣላት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም እምቢ ባለ ዕለት ነው። ገና ከቅርፊታቸው የወጡትን ጫጩቶች ሹራቧ ውስጥ እየከተተች፣ የሠራተኛውን ካፖርት ማንንም ሳታስፈቅድ ከማንጠልጠያው እያወረደች ትሪዎቹን ስታለብስ ዋለች። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ፍለጋ ሲመጣ መዓት ጫጩት ተኝቶበት አገኘው። ይቆጣ ይሳቅ ግራ ገብቶት «አይ አንቺ ማሞቂያ!» አለ። ስሙ በዚያው ቀረ።

እውነት ለመናገር ስሙ ዘግይቶ ነው የደረሰላት። ይቺ ሴት በዚህ ዓለም ላይ ካለው መከራ ሁሉ የምታውቀው ብርድን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የጎረቤት ልጅ በደጇ ካለፈ ቁልፉን እስከ አገጩ ሳትቆልፍለት አትለቀውም። አውቶቡስ ውስጥ እጇን በማታውቀው ሰው አናት ላይ አሳልፋ መስኮቱን ትዘጋለች፤ ሰውየው ቢያጉረመርም ጆሮዋን አትሰጠውም። አንድ ልጇንም ያሳደገቻት ሦስት ሹራብ እየደራረበች ነው። ልጅቷ ሁለቱን መንገድ ላይ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከት እንደነበር እናትየዋ የሰማችው ልጅቷ ካገባች በኋላ ነው። ሰምታም አላመነችም።

ልጇ ከባሏ ጋር የምትኖረው የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ባለ ከተማ ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናት ግን አንድም ቀን ሄዳ ቤታቸውን አላየችም። «ሩቅ ነዋ!» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ሩቅስ ሩቅ ነው። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ፣ መሀል ላይ አዳር፣ የአዳሩ አልጋ ደግሞ ከአውቶቡሱ ወንበር የማይሻል።

ልጅቷ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ዘይትና ሳሙና እያሳለፉ መዋል ሲሰለቻት ዶሮ ላርባ ብላ ተነሳች። ባሏ አናጺ ነውና ከጓሯቸው ዓይን የሚሞላ የዶሮ ቤት ሠራላት። ችግሩ በዚያ ከተማ ማስፈልፈያ የሚባል ነገር የለም። ጫጩቱን እናት ከዚህ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭና ላከች። ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የአስኳል ስንቅ ስላለው ሁለት ቀን ሳይበላ ሳይጠጣ ይቆያል፤ የጣሪያውን ንፋስ ግን አይችለውም። ግማሹ በብርድ አለቀ። ሁለተኛ ላከች፤ አሁንም ግማሹ አለቀ።

«እማ፣ አንድ የመጨረሻ ጊዜ ልሞክር» አለቻት ልጇ በስልክ፣ ድምጿ ደርቆ። «ይሄ ካልሆነ ቤቱን ባሌ የእንጨት ማስቀመጫ ያድርገው። እኔም ወደ ካሸርነቴ እመለሳለሁ።»

ማሞቂያ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። የስንቱን ሰው ዶሮ ቤት የሞላች እጅ የገዛ ልጇን ሁለት ጊዜ ባዶ አስቀርታለች። ያን ቀን ምሳም አልበላችም።

«በአውሮፕላን ቢሆንስ?» ያለው አማቿ ነው። ማሞቂያ መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ሳቀች። ሲደጋግምባት ግን ሻርፗን ጣል አድርጋ የትኬት ቢሮ ሄደች። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካካችና «አንድ ሰዓት ከሩብ» አለቻት።

«ምኑ?»

«በረራው ነዋ እናቴ።»

«የኔ ልጅ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን። አውቶቡስ እኮ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሣለችላት። መንገዱ ገደሉን ይዞራል፣ ከዚያ ሐይቁን ይዞራል፣ ከዚያ ተራራውን ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላኑ ግን ማንንም አይዞርም፤ በአየር አራት መቶም አይሞላ። ማሞቂያ በሁለቱ ከተሞች መሀል የተሰመረችውን አጭር መስመር በጣቷ ለካቻት። እሷ ራሷ ታክሲ ከጠፋ ከቤቷ ማስፈልፈያው ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅባታል። ልጇ ያለችው የሥራ ቦታዋ ያህል ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ነገሩ ደስ ሊላት ሲገባ እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ትኬት ቆራጯ ፊት ቆማ ልታስበው ስላልፈለገች አመስግና ወጣች።

እዚህ ላይ ወንድሟን ማስገባት የግድ ነው። ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሠፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። አንድ ደንበኛው ሌላ ከተማ ሲያገባ ፀጉሩን በሌላ እጅ አላስነካም ብሎ በአውሮፕላን ይዞት ሄዶ ነበር። ካፒቴን በሕይወቱ የበረረው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ዝናብም ያንሳ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ጨዋታው ዞሮ አውሮፕላን ላይ ያርፋል። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የበረረ ስለሌለ የሚከራከረው አልተገኘም።

«እትዬ፣ ሁሉንም አስበሻል፤ ብርዱን ግን አስበሻል?» አላት፣ አምስት መቶ ጫጩት ይዛ ልትበር በዋዜማው።

«የምን ብርድ?»

«የላዩን ነዋ! አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቴ የነበረው ስክሪን ላይ ተጽፎ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከዜሮ በታች ሃምሳ!»

ማሞቂያ ክው አለች። ሁለት ጊዜ የጣሪያ ንፋስ የፈጀባት ሴት ናት፤ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሲሏት ሌላ ማስረጃ አያሻትም። ማስፈልፈያው ውስጥ ብትጠይቅ ኖሮ የሚመልሳት አይጠፋም ነበር። ግን ወንድሟ ነው፣ ደግሞም በርሯል።

በማግስቱ ጠዋት አምስቱን ካርቶን ከማስፈልፈያው ስትረከብ ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ነበር። በእያንዳንዱ መቶ ጫጩት ገብቷል፤ አየር እንዲያገኙ ጎንና ጎኑ በቀዳዳ ተበሳስቷል። የኤርፖርቱ ዕቃ መቀበያ በር ላይ ሲደርሱ ግን ካፒቴን የተዋሰውን መኪና የኋላ ኮፈን ከፈተና ማታ ያዘጋጁትን ብርድ ልብስና ፕላስተር አወጣ። ፕላስተር እየቆረጠ አቀበላት፤ እሷ ቀዳዳዎቹን በየተራ ለጠፈች፣ ለመተንፈሻ ጥቂት ጥቂት ብቻ ተወችላቸው። ከዚያ ካርቶኖቹን እርስ በርስ አጠጋግታ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለለችባቸውና በገመድ ጠፈረቻቸው።

ብጫ ሰደርያ የለበሰው የካርጎ ሠራተኛ ጥቅሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። «እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ልብስ ምንድን ነው? እንስሳ የሚጫንበት ክፍል ራሱ ይሞቃል እኮ።»

«አንተ ትለዋለህ። እኔ ሁለት ጊዜ ቀብሬያለሁ።»

ካፒቴን ከኋላዋ ሆኖ ልክ ናት በሚል ራሱን ነቀነቀ። የካርጎው ሰው ትከሻውን ሰብቆ «ባለቤቷ እርስዎ ነዎት» አለና ጥቅሉን በጋሪ ገፍቶ ወሰደው። ማሞቂያ በራሷ ሥራ ረክታ፣ ወንድሟን ስማ፣ ወደ መንገደኞች በር ሄደች።

ፍተሻውን አልፋ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጠች ድምጽ ማጉያው ተናገረ። የምትሄድበት ከተማ ሰማይ በደመና ስለተሸፈነ በረራው ይዘገያል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልተናገረም። ማሞቂያ አልደነገጠችም፤ የአስኳሉ ስንቅ ለሁለት ቀን ይበቃል፣ ገና ግማሽ ቀን እንኳ አልሄደም። ከመስታወቱ ውጭ ፀሐይዋ ሲሚንቶው ላይ ወርዳ ታንጸባርቃለች። ይቺ ፀሐይ እያለች ምን ይሆናሉ ብላ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

ከጎኗ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ይዛ ነበር። ሕፃኑ በኮፍያ፣ በሹራብና በወፍራም ፎጣ ተጠቅልሎ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ያለቅሳል፤ እናቱ ታባብለዋለች፤ ይብስበታል። ጡት ብትሰጠው ይገፋዋል። በመጨረሻ ለቅሶው እየደከመ፣ ወደ ማቃሰት ወረደ። ማሞቂያ ዘንበል ብላ አንገቱን በጣቷ ነካችው። ላብ አጥምቆታል።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ አፍነሽዋል እኮ» አለች። «ፎጣውን አንሺለት። ኮፍያውንም። በርዶት አይደለም የሚያለቅሰው፤ ሞቆት ነው። አሁን ደግሞ ዝም ያለው ተሽሎት እንዳይመስልሽ...»

ከአፏ የወጣውን ራሷ ሰማችው። ወጣቷ እናት ፎጣውን ስታነሳ ማሞቂያ ሌላ ነገር እያየች ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ የቆመ ጋሪ፣ ፀሐይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የተለጠፈ ቀዳዳ። መቶ ጫጩት አንድ ካርቶን ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ ይሞቃቃል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በሞቀ ቁጥርም ድምጹ ይጠፋል። ብድግ ብላ ወደ ፍተሻው ሮጠች።

ፍተሻው በር ላይ የቆመችው ፈታሽ ክንዷን ዘረጋች። «እናት፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።»

«አምስት መቶ ነፍስ እየታፈነ ነው!» አለች ማሞቂያ ጮክ ብላ።

አዳራሹ ሁሉ ዞር አለ። ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰውዬ ጋዜጣውን አወረደ። የፈታሿ ፊት ተለዋወጠና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናት፣ እዚህ ቦታ እንደዚህ አይባልም። የት ነው? የምን ነፍስ?» አለች።

«ጫጩት ነው ልጄ። የልጄ ጫጩት። እኔ ነኝ ያፈንኳቸው። በገዛ እጄ ፕላስተር ለጥፌ።»

ፈታሿ ተንፈስ አለች። ደንቡን ነገረቻት፤ መውጣት አይቻልም፣ ዕቃ የሚጫንበት ቦታ ድረስ መሄድማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ማሞቂያ አልተከራከረችም። እጇን በእጇ ይዛ እዚያው ቆማ እንባዋን ዝርግፍ አደረገችው። «ይሄ ካልሆነላት ትተወዋለች» አለች፤ «ትተወዋለች ልጄ፣ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው።» ፈታሿ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ከወገቧ የእጅ ሬዲዮዋን አወጣች።

ከብዙ የሬዲዮ ጩርርታ በኋላ የካርጎው ሰው ተገኘ። ጥቅሉ የት ነው? ጋሪ ላይ። ጋሪው የት ነው? ውጭ፣ አውሮፕላኑን እየጠበቀ። ፈታሿ ሬዲዮውን ለማሞቂያ አቀበለቻትና የሚጫነውን ቁልፍ አሳየቻት።

«ልጄ፣ አንተ ልክ ነበርክ። ገመዱን ቁረጠው። ብርድ ልብሱን ሁሉ ግፈፍልኝ።»

«ገፍፌዋለሁ እናቴ።»

«ፕላስተሩን ላጠው፤ አንድም እንዳይቀር። ጥላ ውስጥ አግባቸው። ካርቶኖቹን አራርቃቸው፣ በመሀላቸው ንፋስ ይግባ። ክዳኑን ገለጥ አድርገህ እይልኝ።»

ክዳን ሲገለጥ በሬዲዮው ተሰማ። ማሞቂያ የፈታሿን ክንድ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች፤ ፈታሿም እጇን አላስለቀቀችም። ሕፃኑን የያዘችው እናት ተነስታ አጠገባቸው ቆማለች፤ ከኋላዋም ሰው ተሰብስቧል።

«ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተዋል» አለ የካርጎው ሰው። ድምጹ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። «መሀል ያለው ካርቶን ውስጥ... አንዳንዱ አይንቀሳቀስም እናቴ።»

«ድምጽ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«አራግብላቸው። ባገኘኸው ነገር አራግብላቸው የኔ ጌታ።»

ሲያራግብ በሬዲዮው ይሰማ ነበር፤ የካርቶን ክዳን ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ፣ የሰውየው ትንፋሽ፣ ሌላ ሠራተኛ ጠርቶ «አንተ ያንን ያዝ!» ሲል። ማሞቂያ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ካፒቴንን አላማረረችም፤ ያማረረችው ራሷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያለበሰችው ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ መጣ፤ ስንቱ ዝም ብሎ አልቦት ይሆን?

«ቆይ...» አለ ሰውየው። «ልስማ... እናቴ፣ ሬዲዮውን ላስጠጋልዎት።»

መጀመሪያ ጩርርታ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት ቀጭን «ጪው»። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር የማይቻል «ጪው ጪው ጪው» ከፈታሿ ሬዲዮ ፈልቆ አዳራሹን ሞላው። ጋዜጣ ያወረደው ሰውዬ አጨበጨበ። ፈታሿ ሥራ ላይ መሆኗን ረስታ ማሞቂያን አቀፈቻት፤ ወዲያው ደግሞ ትዝ አላትና ሰደርያዋን አስተካክላ «በሉ፣ ሁላችሁም ወደ ቦታችሁ» አለች። ማሞቂያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በረራው ሰማዩ ተከፍቶለት ተነሳ። ማሞቂያ መስኮት ዳር ደረሳት። የሰጧትን ጭማቂ ሳትጨርስ አውቶቡስ ግማሽ ቀን ሙሉ የሚዞረው ገደል ከሥሯ አለፈ። አብራሪው በድምጽ ማጉያ ስለ ጉዞው ሲናገር «ከውጭ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሃያ ነው» አለ። ማሞቂያ መስታወቱን ነካችው፤ ከዚያ ዙሪያዋን አየች። አጠገቧ ያለው ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ተኝቷል። የካፒቴን ስክሪንም የጻፈው የውጩን ነበር፤ ብርዱ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ወንድሜ አሥር ጊዜ ሲያወራው ይቺን አንዲት ነገር ዘለላት ብላ ብቻዋን ሳቀች።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። ሐይቁም አለፈ፤ ተራራውም አለፈ። አራት ዓመት ሙሉ «ሩቅ ነው» ስትል የኖረችው ይሄንን ነው። ግን ርቀቱ ብቻ እንዳልነበር አሁን ለራሷ አልደበቀችም። ያለ ሥራ፣ ባዶ እጇን፣ ዝም ብላ ልጇ ቤት መሄድ አስፈርቷት ነበር። የሚለበስ፣ የሚሞቅ፣ የሚታዘል ነገር ከሌለ ልጇ ፊት ምን ይዛ እንደምትቆም አታውቅም። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጆሮዋ ተደፈነባት፤ ዋጥ አድርጊ ቢሏት ዋጠች፣ ተከፈተ።

ልጇና አማቿ ኤርፖርቱ በር ላይ ፒካፕ መኪና አስነስተው ቆመው ነበር። ልጅቷ ከስታለች፤ የክሳቷ ነገር እናትየዋን ወጋት። ሲሳሳሙ ጆሮዋ ላይ «ስንቱ ሞተ?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች ማሞቂያ። ምላሷ ላይ ብዙ ማመካኛ ነበረ፤ ደመናው፣ ፀሐይዋ፣ ካፒቴን። ሁሉንም ተወችውና «የሞተ ካለ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይበርዳቸዋል ብዬ አፍኛቸው ነበር» አለች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ መለሰች። ካርቶኖቹን ከባሏ ጋር ጭና ከኋላ አብራቸው ተቀመጠች።

ሲደርሱ የዶሮ ቤቱ ሞቆ ነበር፤ አምፖሉ በርቷል፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጥፏል፣ ውኃው ተቀምጧል። ልጅቷ ካርቶኖቹን በየተራ ከፈተች። አራቱ ውስጥ ከአንድ ሁለት በስተቀር ሁሉም ነቅቶ ይንጫጫል። መሀለኛው ውስጥ ግን ጥግ ላይ የተከመሩት አልተነሱም። ልጅቷ አንድ በአንድ እያነሳች ለየቻቸው። በጠቅላላው ሃያ ሦስት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከአምስት መቶ?» አለች ልጅቷ። ደግማ አየች፤ የሞቱትን ሳይሆን የቀሩትን። «እማ፣ ባለፈው ግማሹ ነበር እኮ! ከአምስት መቶ ሃያ ሦስት ብቻ?» ከዚያ እንደተንበረከከች ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። ባሏ «ካሸርነቱ ቀረ በይኛ!» ቢላት «ቀረ!» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ከዚያ ሥራ ገባች። እያንዳንዷን ጫጩት አንስታ አፏን ውኃው ውስጥ ነከር አድርጋ መጠጣት እያስተማረች ትለቃታለች። እጇ አይቸኩልም፤ ጫጩቷን አይጨምቅም። ማሞቂያ ሃያ ዓመት የሠራችውን ሥራ በሌላ ሰው እጅ ላይ አየችው። ማን አስተማራት? የመስኮቱ ክፍተት በጣም ስላሳሰባት ግን ጥግ ላይ ያገኘችውን ማዳበሪያ ጆንያ ልትሰቅልበት ብድግ አለች።

«እማ፣ ተይው» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «ለአየር ነው የተውኩት። እያቸው፣ አምፖሉ ሥር አልተከመሩም፣ ሸሽተውም አልተበተኑም። ተስማምቷቸዋል።»

ማሞቂያ አየች። እውነት ነው፤ ተስማምቷቸዋል። ጆንያውን አጥፋ አስቀመጠችው። ከቀኑ ሁሉ የከበዳት ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ጠዋት እናትና ልጅ የዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫጩቶቹን ያያሉ። ማታውን አንድም አልሞተም።

«ማታ ልመለስ» አለች ማሞቂያ። «ሥራ አለኝ። የሚቀጥለው ዙር ሲደርስ ይዤልሽ እመጣለሁ። ካርቶኖቹን እንዳሉ፣ አንድ ቀዳዳ ሳልነካ።»

«አይሆንም።»

ማሞቂያ ደነገጠች። «አሁንም ፈራሽኝ?»

«አልፈራሁሽም። ጫጩቶቹን ብቻቸውን ላኪያቸው፤ የካርጎው ሰውዬ ካሁን ወዲያ እንዴት እንደሚይዛቸው ያውቃል። እኔ እቀበላቸዋለሁ።» ልጅቷ እግሯ ላይ የወጣችውን ጫጩት አንስታ መለሰቻት። «አንቺ ሌላ ቀን ነይ። ጫጩት ሳትይዢ፣ ምንም ሳትይዢ። እዚህ ቁጭ እንድትዪልኝ ነው የምፈልገው። ናፍቀሽኝ ነበር እኮ እማ፤ እንዲሁ ነይ ያላልኩሽ ሥራ ካልሰጠሁሽ የማትመጪ መስሎኝ ነው።»

ማሞቂያ ዙሪያዋን አየች። የምትቆልፈው ቁልፍ፣ የምትዘጋው መስኮት ብትፈልግ ምንም አላገኘችም።

«ቅዳሜ በረራ አለ?» አለች።

«አለ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ» አለች እናት፤ ልጇም አንገቷ ሥር ገብታ አለቀሰች።